«አልተስማማውም» እና «አለርጂ አለበት» ለየቅል ናቸው

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ይላሉ አባቶቻችን። ልጅ ሆኜ ይህን ተረት ስሰማ ስለ ሐሜትና ስለ ስድብ ብቻ የተነገረ ይመስለኝ ነበር። ለካስ የሕክምና መዝገብ ላይ የገባ አንድ ቃልም ወለምታ ሊሆን ይችላል። ይህን ያስተማረኝ የእህቴ ልጅ ነው። ታሪኩን ለእናንተ ለአንባቢዎቼ የማካፍለው፣ ተመሳሳይ ወለምታ በብዙዎቻችን ቤት እንዳለ ስለማምን ነው።

የዛሬ 13 ዓመት እህቴ በዲቪ ልጇን ይዛ ቨርጂኒያ ገባች። ልጁ ያኔ 6 ዓመቱ ነበር። ትምህርት ቤት ለማስመዝገብ የክትባት ወረቀት ስላስፈለገ ክሊኒክ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። ያስተረጎምኩትም እኔው ነኝ። ነርሷ «አለርጂ አለው?» ብላ ጠየቀች። እኔም ወደ እህቴ ዞር ብዬ «የማይስማማው ነገር አለ እንዴ?» አልኳት። እሷም ትንሽ አሰብ አድርጋ «አሞክሳሲሊን አይስማማውም። ሁለት ዓመት ሲሆነው ጉንፋንና ትኩሳት ይዞት ሰጥተውት፣ ሰውነቱ ሽፍ ሽፍ አለ፤ ሆዱንም አስቀመጠው» አለችኝ። እኔ ለነርሷ ያስተላለፍኩት ሁለት ቃል ብቻ ነው፦ «ፔኒሲሊን፣ አለርጂ።» ነርሷ ጻፈች፤ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች።

ልጁ አሁን 19 ዓመቱ ነው። እናቱ ሁለት ሥራ እየሠራች ዜግነቷን ሳትወስድ ስለቆየች እሱም እስከ ዛሬ በግሪን ካርድ ነው ያለው። ባለፈው ዓመት መጣና «ጋሼ፣ ሠራዊቱን ልቀላቀል ነው» አለኝ። የኮሌጅ ክፍያው፣ የጤና ኢንሹራንሱ፣ ዜግነቱ፣ ሁሉንም አስቦበታል። ወታደር ይሁን አይሁን የሚለው ክርክር ቤታችን ውስጥ ገና አላለቀም፤ ዛሬ የማነሳውም እሱን አይደለም። የማነሳው ቅጹን ሲሞላ የገጠመውን ነገር ነው።

ከቅጹ ጥያቄዎች አንዱ ከዚህ በፊት ለመድኃኒት፣ ለምግብ ወይም ለነፍሳት ንክሻ መጥፎ ምላሽ አሳይተህ ታውቃለህ ወይ ይላል። ልጁ እኔና እናቱ ከምንነግረው ተነስቶ «ፔኒሲሊን አይስማማኝም» ብሎ ነው ያደገው። ከእሱ ቀደም ብሎ የገባ አንድ ጓደኛው ግን «አንተ ደግሞ! ሁሉንም 'የለም' ብለህ ሙላ። እኔም እንደዚያ ነው የገባሁት» ብሎ መከረው። ልጁ ምክሩን ይዞ እኔ ዘንድ መጣ። መጀመሪያ ወደ አፌ የመጣው መልስ፣ ሳላፍር ልንገራችሁ፣ «እውነቱን ነው መሰለኝ» የሚል ነበር። አንዲት ሽፍታ የልጁን ዕድል ታበላሻለች ብዬ ፈራሁ። ማታ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግስቱ ተነስቼ ነገሩን ማጥናት ጀመርኩ። ሙያዬ የሂሳብ ሥራ ነው፤ ሐኪም አይደለሁም። ቢሆንም ወረቀት ማንበብ አያቅተኝም።

በመጀመሪያ ስለ ውሸቱ። እነዚያ ቅጾች ላይ በግልጽ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ አለ። እያወቀ የሐሰት ቃል የሰጠ ሰው እስከ 5 ዓመት እስራት፣ ወይም 10,000 ዶላር፣ ወይም ሁለቱም ሊፈረድበት ይችላል ይላል። በወታደራዊው የፍትሕ ሕግ ደግሞ አንቀጽ 104ሀ አታልሎ መቀጠርን ራሱን ወንጀል ያደርገዋል። «ማን ያውቅብኛል?» የሚለው የድሮ ስሌትም ዛሬ አይሠራም። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሜፕስ በሚባሉት የቅበላ ምርመራ ጣቢያዎች ኤምኤችኤስ ጄነሲስ የተባለ የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ሥራ ላይ ውሏል። ይህ ሥርዓት የአመልካቹን የሲቪል ሕክምና መዝገብ ከሆስፒታሎችና ከክሊኒኮች መሳብ ይችላል። የጓደኛው ምክር ያረጀው እዚህ ላይ ነው።

ለግሪን ካርድ ባለቤት ደግሞ ጉዳዩ ከዚህም ይከብዳል። በሠራዊቱ በክብር ያገለገለ ነዋሪ ከተለመደው መንገድ ባጠረ ጊዜ ዜግነት መጠየቅ ይችላል። ብዙ የኛ ልጆችም የሚገቡት ይህን አስበው ነው። ነገር ግን በአገልግሎት ዜግነት ያገኘ ሰው 5 ዓመት በክብር ሳይሞላ ከክብር ውጪ ከተሰናበተ ዜግነቱ ሊነጠቅ እንደሚችል ሕጉ ይናገራል። ስለዚህ ልጃችን አንዲትን ሽፍታ ለመደበቅ ሲል ሊያገኘው የሄደውን ነገር ራሱን ለአደጋ ሊያጋልጥ ነበር ማለት ነው።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ያንን ሁሉ ፍርሃት የወለደው ነገር ራሱ ያን ያህል አስፈሪ አልነበረም። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ለአዲስ ገቢዎች የጤና መስፈርት የሚያወጣበት መመሪያ ቁጥር 6130.03 ይባላል። በአለርጂ በኩል መመሪያው አጥብቆ የሚይዘው ሕይወት የሚያሰጉትን ነው፦ ንብ ወይም ተርብ ሲነድፈው ትንፋሹ የሚያጥረውንና ራሱን የሚስተውን፣ ለኦቾሎኒ፣ ለለውዝ ወይም ለዓሣ ሰውነቱ የሚቆጣውን። ሐኪሞች አናፊላክሲስ የሚሉት ይህ ነው። በጦር ሜዳ ተርብ አይመረጥም፤ የምግቡም ዓይነት አይመረጥም። ሆስፒታሉም ሩቅ ነው። ስለዚህ መስፈርቱ ምክንያት አለው። ከሕፃንነት ጀምሮ «ፔኒሲሊን» የሚል ጽሑፍ መዝገቡ ላይ ያለበት ሰው ግን በዚያ ብቻ በሩ አይዘጋበትም። ይጠየቃል፦ ምን ሆንክ? መቼ? እንዴት ታከምክ? ከባድ ሆኖ ከተገኘም ዌይቨር የሚባል በልዩ ሁኔታ የመፍቀድ አሠራር አለ፤ የሚወስነውም የሚገባበት የጦር ክፍል ነው።

አያችሁ፣ ልጁ ሊዋሽ የተዘጋጀው እውነቱን በመናገር ለማይዘጋ በር ነበር።

ሦስተኛው ነገር ግን እኔን ይበልጥ የነካኝ ነው። ያ ሽፍታ በእርግጥ አለርጂ ነበር ወይ?

የአማርኛችን ችግር እዚህ ላይ ይመጣል። «አልተስማማኝም» ስንል ብዙ ነገር በአንድ ቃል እንጠቀልላለን። ማቅለሽለሽ «አልተስማማኝም» ነው። ተቅማጥም «አልተስማማኝም» ነው። ራስ ምታት፣ ሽፍታ፣ የጉሮሮ እብጠት፣ ሁሉም እዚያው ውስጥ ነው። ለሐኪም ግን እነዚህ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሆድ የሚያበላሽ አንቲባዮቲክ የጎንዮሽ ጉዳቱን ነው ያሳየው፤ አለርጂ አይደለም። አለርጂ የሰውነት መከላከያ መድኃኒቱን እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲቆጣ ነው። ሽፍታም ቢሆን ሁሌ ከመድኃኒቱ አይመጣም። ትኩሳት ያለው ሕፃን ከቫይረሱ የተነሳ ሽፍታ ሊወጣበት ይችላል፤ በዚያው ሳምንት አሞክሳሲሊን ከወሰደ ግን ጥፋቱ ሁሉ የመድኃኒቱ ይሆናል። እህቴ «ጉንፋንና ትኩሳት ይዞት» ያለችው ዋናው መረጃ ነበር። እኔ ስተረጉም የጣልኩትም እሱን ነው።

ቁጥሩንም እንየው። በአሜሪካ ካሉ ታካሚዎች 10 በመቶ ያህሉ ለፔኒሲሊን አለርጂ አለብኝ ይላሉ። በትክክል ሲመረመር ግን እውነተኛ አለርጂ ያለበት ከሕዝቡ 1 በመቶ አይሞላም። እውነተኛ ከነበረባቸውም ውስጥ 80 በመቶው ገደማ ከ10 ዓመት በኋላ አይኖርባቸውም። ይህን የሚለው የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ነው።

ደግሞ ነገሩን በወታደሮች ላይ የሞከሩት አሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ ጥናት በሳን ዲዬጎ የባሕር ኃይል እግረኛ ማሠልጠኛ የተደረገ ነበር። የፔኒሲሊን አለርጂ አለብን ብለው የመጡና ከባድ ታሪክ የሌላቸው 328 ምልምሎች በሐኪም ክትትል ሥር አሞክሳሲሊን በአፍ ተሰጣቸው። ምላሽ ያሳዩት 5 ብቻ ነበሩ፤ 1.5 በመቶ መሆናቸው ነው። የቀሩት 323 ወጣቶች በመዝገባቸው ላይ ለዓመታት የተሸከሙት ነገር በአንድ ጠዋት ወረደላቸው።

«ፔኒሲሊን ባይወስድስ? ስንት ሌላ አንቲባዮቲክ ሞልቶ!» የሚል አይጠፋም። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ነገር ግን ፔኒሲሊንና የጦር ሠፈር የቆየ ዝምድና አላቸው። ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1928 ያገኘው መድኃኒት በገፍ የተመረተው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለቆሰሉ ወታደሮች ነበር። ከጦርነቱ በኋላም በዋዮሚንግ በፎርት ዋረን የነበሩ ተመራማሪዎች፣ የጉሮሮ ሕመም የያዛቸውን ወታደሮች በፔኒሲሊን ማከም ልብን የሚጎዳውን የሩማቲክ ትኩሳት እንደሚከላከል አሳዩ። በአገራችን ስንቱ ልጅ ከቶንሲል በተነሳ የልብ በሽታ እንደተቀጠፈ ለምታውቁ ይህ ግኝት ምን ማለት እንደሆነ አልነግራችሁም። ዛሬም ምልምል ወታደር በአንድ ሰፈር ታጭቆ ስለሚተኛ ይህ የጉሮሮ ሕመም በቶሎ ይዛመታል። በዚህ ምክንያት በብዙ ማሠልጠኛዎች ለአዲስ ገቢዎች ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ይወጋሉ። መርፌው ወፍራምና የሚያም ስለሆነ ወታደሮቹ «የኦቾሎኒ ቅቤ» ብለው ሰይመውታል። አለርጂ አለብኝ ያለ ሌላ መድኃኒት ይሰጠዋል፤ አለርጂውም በአንገቱ በሚያንጠለጥለው ቀይ መለያ ላይ ይጻፍለታል። እንግዲህ እውነተኛ አለርጂ ኖሮበት «የለም» ብሎ የሞላ ልጅ ያ መርፌ ሲመጣ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት። ቆስሎ ራሱን ስቶ ቢወድቅ ደግሞ የሚናገርለት ያ ቀይ መለያ ብቻ ነው።

ወታደር ለማይሆነውም ቢሆን የተሳሳተ ጽሑፍ ዋጋ ያስከፍላል። በብሪታንያ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ትልቅ ጥናት፣ የፔኒሲሊን አለርጂ የተመዘገበባቸው ሰዎች መድኃኒት በተላመደ ኤምአርኤስኤ የተባለ ባክቴሪያ የመያዝ ዕድላቸው 69 በመቶ፣ ሲ ዲፊሲል በተባለ የአንጀት ተሕዋስ የመያዝ ዕድላቸው 26 በመቶ ከሌሎች ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ምክንያቱም ለነሱ ፔኒሲሊን ስለሚቀር፣ ብዙ ዓይነት ጀርም በአንድ ጊዜ የሚጨርስ ሌላ መድኃኒት ይታዘዝላቸዋል።

ወደ ቤታችን ልመለስ። ልጁን «አትዋሽ፤ ግን በጭፍንም 'አለብኝ' አትበል። መጀመሪያ እንወቀው» አልኩት። የቤተሰብ ሐኪሙ ወደ አለርጂ ሐኪም ላከው። ቀጠሮው ወራት ፈጀ። ልጁ ተበሳጨ፤ «አንተ ነህ ያዘገየኸኝ» አለኝ። አልተሳሳተም፤ ያዘገየሁት የዛሬ 13 ዓመት ነበር። በቀጠሮው ቀን ሐኪሟ ብዙ ጠየቀችን። እህቴ ዘንድሮ እንግሊዝኛዋ ደህና ነው፤ ቢሆንም ክሊኒኩ በስልክ አስተርጓሚ አቀረበላትና በአማርኛዋ ሁሉንም ዘርዝራ ተናገረች፤ ትኩሳቱን፣ ሽፍታው በስንተኛው ቀን እንደወጣ፣ ፊቱ እንዳላበጠ፣ ትንፋሹም እንዳላጠረ። ከዚያ ትንሽ አሞክሳሲሊን ሰጡት፤ ቆይተው ደግሞ ሙሉውን። አንድ ሰዓት ያህል ቁጭ ብለን ጠበቅን። እህቴ ነጠላዋን ጨብጣ ከፊቱ ላይ ዓይኗን አልነቀለችም። ምንም አልሆነም። ሐኪሟ ደብዳቤ ጻፈችለት። ልጁ መኪና ውስጥ እንደገባን «ጋሼ፣ ታዲያ 13 ዓመት ሙሉ ምን ነበረብኝ?» አለኝ። «የኔ ትርጉም» አልኩት። ሳቀ። እኔ ግን ብዙም አልሳቅኩም።

«ሁሉም ሰው ይህን ምርመራ የሚያገኝ መሰለህ?» የሚል ተቃውሞ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ትክክል ነው። ኢንሹራንስ የሌለው አለ፤ የአለርጂ ሐኪም በአቅራቢያው የሌለው አለ። አንድ ወጣት በገዛ ገንዘቡና በገዛ ጊዜው የድሮ መዝገብ እንዲያጠራ መጠየቅ፣ እውነት ለመናገር የሚከፈል ግብር ይመስላል። መልማዮቹም ቢሆኑ «ደብቅ» ከሚል የሰፈር ምክር በፊት፣ አመልካቹን ወደ ትክክለኛው ምርመራ ቢጠቁሙት ይጠቀማሉ። 328 ምልምሎች መርምሮ 323ቱን ነፃ ያደረገ አሠራር በአንድ ማሠልጠኛ ከተቻለ፣ ከቅበላው በፊት በስፋት የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም። ይህን ግን መንግሥት እስኪያስተካክል ቁጭ ብለን አንጠብቅም። በእጃችን ያለ ሥራ አለ።

አንደኛ፣ ለቤተሰባችን ማስተርጎም እናቁም፤ ቢያንስ በሐኪም ፊት። እዚህ አሜሪካ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልና ክሊኒክ በነፃ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። «እንግሊዝኛ እችላለሁ» ማለትና የሕክምና ቃል ማስተርጎም መቻል ይለያያሉ። እኔ ዲግሪ ይዤ ነው የተሳሳትኩት።

ሁለተኛ፣ ዛሬ ማታ ወደ እናቶቻችሁ ደውሉ። «መድኃኒት የማይስማማኝ ነበር እንዴ?» ብላችሁ ብቻ አታቁሙ። ጠይቁ፦ የትኛው መድኃኒት ነበር? በትክክል ምን ሆንኩ? ከወሰድኩ ከስንት ሰዓት ወይም ከስንት ቀን በኋላ? ያኔ ሌላ ሕመም ነበረብኝ? ሆስፒታል ተኛሁ? ከዚያ ወዲህስ ያንኑ መድኃኒት ሳላውቅ ወስጄ ደህና ሆኜ አውቃለሁ? መልሱን ጽፋችሁ ለሐኪም ስጡ። እናቶቻችን ያረጃሉ፤ ይህን የሚያስታውስ ሌላ ሰው የለም።

ሦስተኛ፣ በመካከላችን ያላችሁ ፋርማሲስቶች፣ ነርሶችና ሐኪሞች፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ የጤና ቀን ስታዘጋጁ የደም ግፊትና ስኳር ትለካላችሁ፤ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። አንድ ጠረጴዛ ጨምሩልን። «የአለርጂ መዝገብህን አምጣ» የሚል ጠረጴዛ። መድኃኒት አትስጡበት፤ ጠይቁበት፣ ጻፉበት፣ ወደሚመለከተው ሐኪም ላኩበት።

አደራ የምለው ነገር ግን አለ። ይህን ጽሑፍ አንብቦ ቤቱ ውስጥ አሞክሳሲሊን የሚሞክር ሰው እንዳይኖር። ትንፋሹ ያጠረ፣ ምላሱ ወይም ጉሮሮው ያበጠ፣ ራሱን የሳተ ሰው ሙከራው የሚደረገው በአለርጂ ሐኪም ፊት ብቻ ነው። ቆዳው የተላጠ ወይም አፉና ዓይኑ ውስጥ የቆሰለ ሰው ደግሞ ያንን መድኃኒት ዳግመኛ ሊሞክረው አይገባም። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ወጣት ቅጹ ላይ በግልጽ ይጻፈው። ሠራዊቱ ባይቀበለው ያዝናል፤ ደብቆ ቢገባ ግን የሚያዝኑት ወላጆቹ ናቸው።

በእስራኤል ያላችሁ ወገኖቼም፣ የውትድርና ግዳጅ ስላለ የናንተ ልጆች የጤና መጠይቅ የሚደርሳቸው ገና ትምህርት ቤት ሳሉ ነው። ወላጅ ዕብራይስጡን ለልጁ ትቶ ልጁ «አለርጂ» ብሎ ከሞላው፣ ያው የኔ ወለምታ ነው። አብራችሁ ተቀምጣችሁ ሙሉት።

የልጃችንን ነገር ላጠቃልል። ደብዳቤውን ካገኘን ከሁለት ወር በኋላ ጥርሱን ታሞ መድኃኒት ታዘዘለት። ፋርማሲ ሄድኩለት። ልጅቷ ኮምፒውተሯን አይታ «ፔኒሲሊን አለርጂ ስላለበት ለሐኪሙ መደወል አለብኝ» አለችኝ። ክሊኒኩ አጥፍቶታል፤ ፋርማሲው ግን አላጠፋም። ከቦርሳዬ የደብዳቤውን ቅጂ አውጥቼ ሰጠኋት፤ አንብባ አስተካከለችው። ለጥርስ ሐኪሙም፣ ለድሮው ክሊኒክም እንዲሁ ልኬያለሁ። ወለምታው በቅቤ አልታሸም፤ በወረቀት ግን እያሸሁት ነው።

ልጁ ቅጹን እንደገና ሞልቷል። በዚያ ጥያቄ ላይ «አዎ» ብሎ፣ ከሥሩ የሆነውን ሁሉ ጽፎ፣ ደብዳቤውን አያይዟል። እናቱ እንዲፈርም ወይም እንዳይፈርም ገና አልመረቀችውም። እሱ የእናትና የልጅ ጉዳይ ነው፤ እኔ ከእንግዲህ አላስተረጉምም።

ቸር እንሰንብት።